የቄሶቹ ኦሪት ክፍል ይግባ

እ.ኤ.አ. በ2009 የትምህርት ዘመን መክፈቻ ላይ በእስራኤል ፔታህ ቲክቫ ከተማ ያሉ ሦስት የግል ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች ወደ መቶ የሚጠጉ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ልጆችን አንመዘግብም አሉ። ወላጆች አደባባይ ወጡ። የትምህርት ሚኒስትሩ ጊዴዎን ሳዓር በጀታቸውን እንደሚያቋርጡ አስጠነቀቁ፤ ፕሬዚዳንት ሺሞን ፔሬስም ድርጊቱን አወገዙ። በ2011 ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተማሪዎቹ ኢትዮጵያውያን የነበሩበት የነር ዔጽዮን ትምህርት ቤት፣ ወላጆች ልጆቻችን ተነጥለው አይማሩም በማለታቸው እንዲዘጋና ልጆቹ በከተማዋ ትምህርት ቤቶች እንዲደለደሉ ተወሰነ።

ያ ትግል በር ለማስከፈት ነበር። በሩን አልፎ የገባው ልጅ በሃይማኖት ክፍለ ጊዜ ምን ይማራል የሚለው ግን የሚገባውን ያህል አልተነሣም።

በወንዶች ሃይማኖታዊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታዳጊው ታልሙድና ሃላካ (የራቢዎችን ትምህርትና ሕግ) ይማራል፤ ለባግሩት፣ ማለትም ለሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናም፣ ይፈተንበታል። መማሩ መልካም ነው፤ ይቀነስ የሚል የለም። የሚያንገበግበው የአያቶቹ ሃይማኖት ከዚያ መጉደሉ ነው። የሰንበትን እሳት ብቻ እንይ። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የተለኮሰ ማሞቂያ ምግቡን እንዳሞቀ ቢያድር እንደሚፈቀድ ልጁ ክፍል ውስጥ ይማራል። አያቱ ጎንደር ሳሉ ግን ሰንበት ከመግባቱ በፊት እሳቱ ይጠፋ ነበር፤ ቅዳሜ የሚበላውም የቀዘቀዘ ምግብ ነበር። የሚያስረዳው ያጣ ልጅ «አያቴ ሕጉን አያውቁም ነበር» ብሎ ቢደመድም ማን ይፈርድበታል? አያቱ ግን በዘጸአት ምዕራፍ 35 ስለ ሰንበት እሳት የተጻፈውን እንደ ቃሉ ጠብቀው የኖሩ ናቸው። «ትእዛዘ ሰንበት» የተባለ የግዕዝ መጽሐፍ ያቆየ ማኅበረሰብ በሰንበት ጉዳይ አላዋቂ ሊባል አይችልም።

በ1955 እና በ1956 ሃያ ሰባት ወጣቶች ከኢትዮጵያ ወደ ክፋር ባትያ ሃይማኖታዊ የወጣቶች መንደር መጥተው ተምረው ነበር፤ ከመካከላቸውም ወደ መንደሮቻቸው ተመልሰው ያስተማሩ አሉ። ትምህርቱ ያኔም ከእስራኤል ወደ ጎንደር ብቻ ይፈስስ ነበር። የቤተ እስራኤል የሃይማኖት መሪዎች የሆኑት ቄሶች ለእስራኤል ልጆች የሚያስተምሩት ነገር እንዳላቸው ብዙም አልታሰበም።

የቤተ እስራኤል በዓል የሆነው ስግድ በ2008 በክኔሴት (በእስራኤል ፓርላማ) ሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን በዓመት አንድ ቀን ዳቦ ቆርሶ፣ እስክስታ ተመልክቶ መበተን ትምህርት አይባልም። ማስተማሪያም አልጠፋም፤ ኢትዮጵያ ተወልደው ራቢ የሆኑት ሻሮን ሻሎም የቤተ እስራኤልን ሥርዓት ከሃላካ ጋር አነጻጽረው መጽሐፍ ጽፈዋል።

የቄሶቹን ኦሪት በክፍል ማስተማር ይከፋፍለናል የሚሉ አይጠፉም። የየመን አይሁድ የራሳቸውን የጸሎት ሥርዓትና ዜማ ጠብቀው ይኖራሉ፤ በዚህ የተከፋፈለ አገር ግን አልታየም።

ኦሪቱን በግዕዝ አንብበው በአማርኛና በትግርኛ የሚተረጉሙት አንጋፋ ቄሶች እያረጁ ነው። ስለዚህ የፔታህ ቲክቫ ማዘጋጃ ቤትና የትምህርት ሚኒስቴር ቢያንስ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለቄስ ይስጡ፤ ትምህርቱም በባግሩት ይቆጠር። ወላጆችም በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ይህን ጥያቄ ሳያነሡ አይውጡ።