በልጅነት የተገኘ ድል

በልጅነት ማሸነፍ ደስ ያሰኛል፤ የሚጸናው ግን ተምረው ያገኙት ድል ነው። በአሜሪካ አገር ሉ ቴዝ የሚባል የጫማ ሠሪ ልጅ ነበረ። ትግልን አስቀድሞ ከአባቱ፥ ኋላም ከሌሎች መምህራን ተማረ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1937 ዓ.ም. በ21 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1963 ዓ.ም.ም በ46 ዓመቱ ይህን ክብር እንደ ገና አገኘ።

በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ለትርኢት በተዘጋጀ ትግል አንድ የ10 ዓመት ልጅ ከተመልካቾች መካከል ተጠራ። አብሮት የቆመው ግዙፍ ታጋይ ብቻውን ታግሎ አሸነፈ፤ ልጁም ሻምፒዮን ተባለ። ነገር ግን ልጁ ትምህርት ስላለበት ቀበቶው በማግሥቱ ተመለሰ። ይህም መልካም ሆነ። ሌላው ደክሞ የሰጠን ቀበቶ ፈጥኖ ይመለሳል፤ በትጋት የተማሩትን ግን የሚወስድ የለም። ስለዚህ ብልህ ልጅ ከቀበቶ ይልቅ ትምህርትን ይመርጣል።