ቁጥሩ አንድ፣ ሥዕሉ ሁለት

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ ፓኬጅ ልጽፍ ነው። የኢንተርኔቱን ፓኬጅ አይደለም፤ እሱንማ ሁላችንም በየቀኑ እናማርራለን። ዳታን ወደ ሥዕል ስለሚቀይሩት፣ በነጻ ስለምናገኛቸው የፓይተንና የአር ፓኬጆች ነው። ከዚያ በፊት ግን አንዲት ተማሪዬን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለክበቡ ልጆች የስድስት ተማሪዎች ውጤት ሰጠኋቸው፦ 40፣ 50፣ 60፣ 70፣ 80፣ 90። "ቦክስ ፕሎት ሥሩና የታችኛውንና የላይኛውን ኳርታይል ከሥዕሉ ላይ አንብቡ" አልኳቸው። አንዱ ልጅ በፕሎትሊ ሠርቶ 50 እና 80 አመጣ። እሷ በማትፕሎትሊብ ሠርታ 52.5 እና 77.5 አመጣች። እኔ ሰሌዳ ላይ የማስተምረው ቁጥሮቹን ለሁለት ከፍሎ የየግማሹን መካከለኛ መውሰድ ነው፤ በዚያ መንገድ 50 እና 80 ይመጣል። ስለዚህ ለእሱ ራይት፣ ለእሷ ኤክስ። "ቲቸር፣ ኮዴ ላይ እኮ ምንም ስህተት የለም" ስትለኝ "ቁጥር አይዋሽም፣ ሂጂና ድገሚው" አልኳት።

ማታ ቤቴ ገብቼ ራሴ ሞከርኩት። ልጅቷ ልክ ናት! ሁለቱም ልክ ናቸው። ኳርታይል የሚሰላበት መንገድ ከአንድ በላይ ነው፤ ሁለቱ ፓኬጆች የተለያየ መንገድ መርጠዋል። ሥዕሉ ላይ ግን የትኛውን እንደመረጡ የሚናገር አንድም ቃል የለም። እህቴ፣ እዚሁ ሁሉም እያየ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ማርክሽም ተስተካክሏል።

አሁን ወደ ንዴቴ ልመለስ።

ይሄ የፓይተን ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። አር ላይ እነዚያኑ ስድስት ቁጥሮች ለራሱ ለአር ቦክስፕሎት ስጡት፣ 50 እና 80 ይላል። ለጂጂፕሎት2 ስጡት፣ 52.5 እና 77.5 ይላል። እዚያው አንድ ቤት ውስጥ! ሂስቶግራምም ያው ነው። ስንት ቦታ እንደሚከፍል ካልነገራችሁት ማትፕሎትሊብ ዳታውን 10 ቦታ ይከፍለዋል፣ ጂጂፕሎት2 30 ቦታ፣ ሲቦርን ደግሞ ዳታውን አይቶ በራሱ ቀመር ይወስናል። ጂጂፕሎት2 ቢያንስ "30 ተጠቅሜያለሁ፣ የተሻለ ምረጥ" ብሎ ይናገራል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል።

ከሁሉም የሚብሰው አማካይ ላይ የሚሰመረው የስህተት መስመር ነው። የሲቦርን ባር ፕሎት ምንም ካላላችሁት የ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ያሰምራል። የአልቴር ኤረር ባር ደግሞ ስታንዳርድ ኤረር ያሰምራል፤ ይሄ ርዝመቱ የዚያኛውን ግማሽ ያህል ነው። የማዳበሪያ ሙከራ ውጤት ነው እንበል። ያንኑ ዳታ ሁለት ሰዎች በሁለቱ ቢሠሩት፣ አጭሩን መስመር ያየ ገበሬ ወይም ባለሙያ "ይሄኛው አስተማማኝ ነው" ብሎ ይወስናል። ማሳው ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው ፓኬጁ ነው።

አንዱ ከሌላው ሲበደርም ተነጋግረው አይደለም። ማትፕሎትሊብ የሲቦርንን የቀለምና የመልክ ስታይሎች ወስዶ ነበር። ሲቦርን የራሱን ሲለውጥ የማትፕሎትሊቦቹ ከስማቸው ጋር ሳይገናኙ ቀሩ። በ2022 በወጣው 3.6 ላይ ስማቸው "ሲቦርን-ቪ0_8" ተባለ፣ ቆየት ብሎ የድሮው ስም ጭራሽ ወጣ። ለዓመታት ያስተማርኩበት ማስታወሻ በአዲሱ ላይ ኤረር ብቻ ሆነ።

መልሳችሁን አውቀዋለሁ። "ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ" ትላላችሁ። እስማማለሁ! ጆን ሃንተር በ2003 ማትፕሎትሊብን ሲያወጣ የዛሬው ብራውዘር ላይ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ሥራው አልነበረም፤ ለዚያ ቦኬና ፕሎትሊ መጡ። ጂጂፕሎት2 ከሌላንድ ዊልኪንሰን የ1999 መጽሐፍ ሐሳብ ተነሳ። ሁሉም ቦታ አለው። አንድ ይሁኑ አላልኩም። ያልኩት፣ አንድ ዓይነት ስሌት ሲሠሩ በአንድ ዲፎልት ይስማሙ፤ ካልተስማሙ ደግሞ የመረጡትን ሥዕሉ ላይ ይጻፉት። ለአንድ ነገርም አንድ ስም ይስጡ። ግልጽነትን ማትፕሎትሊብ "አልፋ"፣ ፕሎትሊ "ኦፓሲቲ" ሲለው ተማሪ ምን ጥቅም አገኘ?

"በነጻ የሰጡህን ምን አገባህ?" የሚልም አይጠፋም። ለሠሪዎቹ አክብሮቴ ትልቅ ነው፤ ብዙዎቹ ከእንቅልፋቸው ቀንሰው ነው የሚሠሩት። ግን እኮ ለዚህ ነው የምቆጨው! ጥቂት ሰው ያለው ሥራ ሦስት አራት ቦታ ሲደገም ማን ይጎዳል?

ደግሞ ይቻላል። ኑመሪክና ኑምአሬይ የሚባሉ ሁለት ፓኬጆች ተጠቃሚውን ለሁለት ከፍለውት ነበር። ትራቪስ ኦሊፋንት አስታረቃቸው፤ በ2006 ኑምፓይ 1.0 ወጣ። ዛሬ ሁላችሁም የምትጠቀሙት እሱን ነው። ፓንዳስም በ2019 አንዱን የፕሎት ትዕዛዝ ሳትቀይሩ ከኋላ የሚሥለውን ፓኬጅ እንድትቀይሩ ፈቀደ። ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን ትዕዛዙ አንድ ሆነ እንጂ ስሌቱ አልሆነም። ሠዓሊውን ስትቀይሩ 52.5 የነበረው 50 ይሆንባችኋል።

ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ፣ ሶፍትዌር የምትሠሩ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። "የራሴን አዲስ ላይብረሪ ልጀምር" ከማለታችሁ በፊት ያለውን የሚያስማማ አንድ መስመር ጨምሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለኮድም ይሠራል። እስከዚያው የእኔ ክፍል ሕግ ይሄ ነው፦ ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር የፓኬጁ ስም፣ ቨርዥኑና ስሌቱ ይጻፋል። ያልጻፈ ማርክ የለውም፤ ያልጠየቀ አስተማሪም ኤክስ የመስጠት መብት የለውም።

ስድስቱን ቁጥሮች ባላችሁ ሁሉ ሞክሩና ምን እንዳመጣላችሁ ከታች ጻፉልኝ። ስንቶቻችሁ ሳታውቁት ኤክስ እንደተሰጣችሁ እንይ።