የቤዙን ሳጥን እዚሁ እንሥራው

በየኤሌክትሮኒክስ መደብሩ ደጃፍ በተደረደሩ የሰብዉፈር ካርቶኖች ላይ የሚጻፈው ቁጥር ያስደንቃል። 1000 ዋት፣ 3000 ዋት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ነው። መሣሪያውን አዙራችሁ ከጀርባው የተለጠፈችውን ትንሽ ጽሑፍ ስታነቡ ግን ብዙ ጊዜ ከሶኬት የሚወስደው 60 ወይም 80 ዋት ብቻ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ኃይል ከምንም አይፈጠርም። ከግድግዳ 60 ዋት የሚቀበል ዕቃ 3000 ዋት አያጫውትም። ገዢው ገንዘቡን የከፈለው ካርቶን ላይ ለታተመ ቁጥር ነው፤ ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው የሚሰማውም ቤዝ ሳይሆን የስስ ሳጥን ጉርምርምታ ነው።

የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ሙዚቃም እወዳለሁ። በሳሎኔ ጥግ የተቀመጠውን ሰብዉፈር ፈርኒቸር ቤት ካለው ጎረቤቴ ጋር ሆነን ነው የሠራነው። ስለዚህ የምለውን ከመጽሐፍም ከእጄም አውቀዋለሁ። ሐሳቤ ይህ ነው፦ ስፒከሩን ከውጭ እናስመጣው፤ ሳጥኑን ግን እዚሁ እንሥራው። የቤዝን ጠባይ በእጅጉ የሚወስነው ሳጥኑ ነውና፤ ሳጥን መሥራት ደግሞ የእኛ እንጨት ሠራተኞች ከማንም የማያንሱበት ሙያ ነው።

ቤዝ የጎረምሳ ጩኸት ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። እንዲህ ያለውን ሰው የሮሃ ባንድን ዘፈኖች በደህና መሣሪያ እንዲሰማ እጋብዘዋለሁ። የባንዱ አባል የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ጊታር ከዘፋኙ ድምፅ ሥር ራሱን ችሎ የሚሄድ ዜማ ነው። የቤዝ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ 41 ኸርዝ ማለት ነው። የስልክም ሆነ የስስ ቴሌቪዥን ስፒከር እዚያ ድረስ አይወርድም። ጆሯችን ከላይኞቹ ድምፆች ተነሥቶ የጎደለውን ኖታ መገመት ይችላል፤ ደረታችን ግን መገመት አይችልም። የከበሮው ምትና የቤዝ ክራሩ ጉልበት የሚቀረው እዚያ ነው። ሙዚቀኛው ለፍቶ የቀዳውን ግማሽ እየጣልን ሙዚቃችን ቀለለ ብለን ማማረር ተገቢ አይመስለኝም።

ሳጥን ለምን አስፈለገ? ስፒከር ወደ ፊት አየር ሲገፋ ከኋላው ደግሞ ይስባል። ባዶውን ከተተወ የፊቱና የኋላው ሞገድ ዞረው ይገናኙና እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። የ40 ኸርዝ ሞገድ 8 ሜትር ተኩል ያህል ስለሚረዝም ትንሽ ስፒከርን ዞሮ ለማለፍ ምንም አያግደውም። የኋላውን ሞገድ የሚይዘው ሳጥኑ ነው። ራይስና ኬሎግ የተባሉ አሜሪካውያን መሐንዲሶች የዛሬውን ስፒከር መሠረት በ1925 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይፋ አደረጉ። በ1954 ኤድጋር ቪልቹር በትንሽ ሳጥን ውስጥ የታሸገ አየር ራሱ እንደ ሞላ ሆኖ የሚርገበገበውን የስፒከሩን ኮን ሊመልሰው እንደሚችል በሥራ አሳየ። በ1961 አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሪቻርድ ስሞል የሳጥኑን መጠን በሒሳብ ቀመር አስቀመጡት። ከዚያ ወዲህ ሳጥን በግምት የሚሠራበት ምክንያት የለም። ቀመሩ ደግሞ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ነው።

ደህና ስፒከር ከወረቀቱ ጋር ይመጣል። ከቁጥሮቹ ሦስቱ ዋና ናቸው፦ ስፒከሩ በራሱ የሚርገበገብበት ድግግሞሽ፣ ኪውቲኤስ የሚባለው የእርግብግቢት መግቻው መጠን፣ እና ቫስ የሚባለው፣ ከስፒከሩ ልስላሴ ጋር እኩል የሚለሰልስ የአየር መጠን። የእኔ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ኪውቲኤሱ 0.45፣ ቫሱ 90 ሊትር ነው። ለታሸገ ሳጥን ጥሩ ሚዛን ተብሎ የሚወሰደው 0.707 ነው። 0.707ን ለ0.45 ታካፍላላችሁ፤ ውጤቱን በራሱ አባዝታችሁ 1 ትቀንሳላችሁ፤ 90ን ለዚያ ስታካፍሉ 61 ሊትር ይመጣል።

ከውጭ የሚመጣ ሳጥን ብዙውን ጊዜ ከግምት የማያስገባው ነገር እዚህ ላይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። የአየር ግፊታችን በባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስስ አየር በሳጥን ሲታሸግ ሞላነቱም በዚያው ልክ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ በወረቀቱ 90 ሊትር የተባለው ቫስ እዚህ ወደ 67 ሊትር ይወርዳል። ሒሳቡ እንደገና ሲሠራ ሳጥኑ 46 ሊትር ገደማ ሆኖ ያንኑ ጠባይ ይሰጣል። ለኮንዶሚኒየም ሳሎን 15 ሊትር ቀላል ቦታ አይደለም። በሌላ በኩል ኮኑ እኩል ርቀት ቢንቀሳቀስም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ ድምፁ በ2.5 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ይላል። ከ8 ኢንች ይልቅ 12 ኢንች የመረጥኩትም ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ አስቦ ሳጥን ሊሠራልን የሚችለው እዚሁ አየር ውስጥ የሚኖር ሰው ነው።

ሥራው ይህን ይመስላል። ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ፣ ከአንዱ ሉህ ሲሶው ገደማ ይበቃል። ውስጡ በሁሉም በኩል 37 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 50 ሊትር ከግማሽ ይይዛል፤ የስፒከሩ ጀርባና የውስጥ ማጠንከሪያው እንጨት አራት ሊትር ያህል ሲወስዱ የምንፈልገው ይቀራል። ጎረቤቴ ሳንቃዎቹን በማሽን ቆርጦ ሲያመጣቸው ጠርዛቸው ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት አልነበረም፤ ለቁም ሳጥን የለመደው ጥንቃቄ ነው። መጋጠሚያውን በኮላ ለድፈን፣ በትራፓኖ በስተን፣ በቪቴ አጠበቅነው። ኮላው እስኪደርቅ ካደረ በኋላ የውስጡን ማዕዘን ሁሉ በሲሊኮን ዘጋነው። በስፒከሩና በእንጨቱ መካከል ስስ የስፖንጅ ጥብጣብ ገባ፤ ውስጡ ደግሞ በሰው ሠራሽ የትራስ ጥጥ በልኩ ተሞላ። ፈተናው ቀላል ነው፦ ኮኑን በመዳፍ ቀስ አድርጋችሁ ገፍታችሁ ስትለቁት ዝግ ብሎ ከተመለሰ ሳጥኑ ታሽጓል፤ ወዲያው ከተመለሰ አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ ፈልጉ። ከዋናው መብራት ጋር የሚገናኘውን አምፕሊፋየር ግን ለባለሙያ ስጡት፤ እሱ ላይ መለማመድ አይገባም።

ቱቦ ያለው ሳጥን ዝቅ ብሎ ይጮሃል፤ እኔ ግን ለጀማሪም ለአፓርታማ ነዋሪም የታሸገውን እመክራለሁ። በልኬት ትንሽ መዛነፍን ይታገሣል፤ ክፍሉም ይረዳዋል። የ4 ሜትር ክፍል በ43 ኸርዝ አካባቢ በራሱ ያስተጋባል፤ በዚህ ላይ የሚያጉረመርም ሳጥን ሲጨመር ዜማው ይጠፋል። ቦታውን ለመምረጥ ሰብዉፈሩን እናንተ የምትቀመጡበት ወንበር ላይ አድርጉና ቤዝ ጊታሩ ጎልቶ የሚሰማበትን ዘፈን ክፈቱ፤ ዝቅ ብላችሁ በግድግዳው ዙሪያ እየተንቀሳቀሳችሁ አድምጡ። እያንዳንዱ ኖታ እኩል የሚሰማበት ቦታ የሰብዉፈሩ ቦታ ነው። ከላይ ያሉትን ድምፆች የሚያስቀረውን መቁረጫ 80 ኸርዝ አካባቢ አድርጉት፤ ከዚያ በላይ ካለፈ ጆሮ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ መለየት ይጀምራል።

ስለ ጎረቤት የሚነሣው ቅሬታ እውነተኛ ነው። ቤዝ ብሎኬትን ያልፋል፤ ሕፃን የሚያስተኛ ጎረቤትም መብት አለው። ጆሮ ድምፅ ሲቀንስ ከሁሉ አስቀድሞ ቤዙን ያጣል፤ ሰዎች ቤዝ ፍለጋ ሁሉንም ድምፅ ከፍ የሚያደርጉትም በዚህ ምክንያት ነው። በልኩ የተሠራ ሰብዉፈር ያለው ሰው ዝቅ አድርጎ መስማት ይችላል። ከመሸ በኋላ ደግሞ ማጥፋት ግዴታ ነው፤ ለዚህ ምንም መሣሪያ ምክንያት አይሆነውም።

ተሠርቶ የመጣው ያምራል፣ ዋስትናም አለው የሚሉኝ አሉ። ዜና ብቻ ለሚሰማ ሰው እስማማለሁ። እንደ አገር ሲታሰብ ግን የተሠራ ሰብዉፈር በኮንቴይነር ስናስመጣ የምንጭነው በአብዛኛው አየር ነው። የእኔ ሳጥን ከውጭ ሲለካ 67 ሊትር ቦታ ይይዛል፤ በዚያ ቦታ ስፒከሩ ብቻ ቢጫን አራት ይገባል። ለባዶ ሳጥን ማጓጓዣ የውጭ ምንዛሪ እያወጣን እንጨት ሠራተኛችን ሥራ ፈትቶ መቀመጡ ያሳዝናል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት የኤሌክትሮኒክስና የእንጨት ሥራ ተማሪዎችን በአንድ ሳጥን ላይ ያገናኙ፤ ሒሳቡን፣ ፊዚክሱንና ሙያውን በአንድ ጊዜ ይማራሉ። አስመጪዎች ስፒከሩን ከነቁጥሩ ያምጡልን። ፈርኒቸር ቤቶች ሳጥን በሊትር ልክ መሥራት እንደሚችሉ ለደንበኛ ይናገሩ። እናንተም ሱቅ ስትገቡ ስንት ዋት ነው ከማለታችሁ በፊት የስፒከሩን ወረቀት ጠይቁ፤ ወረቀት የሌለውን አትግዙ።