የሐዋሳ ሐይቅ ጥበቃ የፍቼ ጨምበላላም ጥበቃ ነው

የሐዋሳ መሀል ከተማ በታቦር ተራራና በሐይቁ አጠገብ የተፈጥሮ ሀብትንና የሕዝብን ቅርስ አጣምሮ ይዟል። የሲዳማ ብሔር ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በዓሉም በሐይቁ ዳርቻ በጉዱማሌ በድምቀት ይከበራል።

ይሁን እንጂ ሐይቁ የጥቁር ውኃ ወንዝን ይቀበላል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። በመሆኑም ከተራቆቱ ተዳፋቶች የሚታጠበው ደለልና ከከተማው የሚገባው ፍሳሽ በውስጡ ይከማቻል። በአቅራቢያው የነበረው የጨለለቃ ሐይቅ ወደ ረግረግነት መለወጡ የአደጋውን ክብደት ያመለክታል።

ተፋሰሱ የሲዳማና የኦሮሚያ ክልሎችን የሚያካልል በመሆኑ የዳርቻ ጽዳት ብቻውን ዘላቂ ውጤት አያስገኝም። የላይኛው ተፋሰስ የአፈር ጥበቃ የሁለቱ ክልሎች የጋራ ዕቅድ ሊሆን ይገባል። በዓሉን መዝገብ ቢጠብቀውም፣ የሚከበርበትን ዳርቻ የሚጠብቀው ግን የተቀናጀ ሥራ ነው።