ሳይቃጠል በቅጠል

በጎረቤታችን በኬንያ መዲና በናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ በተባለው ሰፈር፣ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገሪቱ የደረጃዎች መሥሪያ ቤት ዋና ጽሕፈት ቤት ይገኛል። ፋብሪካዎች ያመረቱት ዕቃ ከተወሰነው ደረጃ መድረሱን መርምሮ ማረጋገጥ ከተግባሮቹ አንዱ ነው። ሆኖም ያለቀለትን ዕቃ መመርመር ብቻውን አይበቃም እንላለን። ብልሽቱ በመጨረሻ ከታወቀ ጥሬ ዕቃውም ጉልበቱም ባክኗል፤ አንዳንዴም ከዚህ የከፋ ይመጣል።

ከሳውዝ ሲ ብዙ በማይርቀው የኢንዱስትሪ ቀጣና መስከረም 1 ቀን 2004 ዓ.ም. ከነዳጅ ማስተላለፊያ ያፈተለከ ቤንዚን በፍሳሽ ቦይ ሲናይ ወደተባለው የድሆች መንደር ወረደ። ነዋሪዎች ሊቀዱ ሲሻሙ እሳት ተነሣ፤ 100 ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ።

ለመሆኑ ብልሽት አስቀድሞ ምልክት ይሰጣልን? ብዙ ጊዜ ይሰጣል። አሜሪካዊው ዋልተር ሸዋርት በ1916 ዓ.ም. ያቀረበው የቁጥጥር ሠንጠረዥ የዚህ ምልክት ማንበቢያ ነው። ሥራው ደኅና ሳለ የተወሰዱት ልኬቶች አማካይ ይሰላል፤ ልኬቶቹ በተለምዶ ከአማካዩ የሚርቁበት መጠንም በ3 ተባዝቶ ከላይና ከታች ወሰን ይሰመራል። ሥራው ካልታወከ ከ1000 ልኬት ከወሰኑ የሚወጣው 3 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ነጥቡ ወሰኑን ሲያልፍ ምክንያቱን መፈለግ ግድ ነው። በወሰኑ ውስጥ ለሚታየው ተራ መዋዠቅ ግን መሣሪያውን መነካካት ነገሩን ያብሳል። በቅጠል ኮሽታ ሁሉ የሚተኩስ ዘብም፣ ተኝቶ የሚያድር ዘብም ሰፈሩን አያድንም።

በጥቂት በጥቂቱ የሚያፈስ ቧንቧ ደግሞ በአንድ ልኬት አይጋለጥም። በገባውና በወጣው ነዳጅ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ስለሆነ ከተራ መዋዠቅ ጋር ይመሳሰላል። እንግሊዛዊው ኢ. ኤስ. ፔጅ በ1946 ዓ.ም. ያስተዋወቀው ዘዴ ልዩነቱን እየደመረ ይከታተላል፤ ተራው መዋዠቅ እርስ በርሱ ሲጣፋ፣ የፈሰሰው ግን እየተጠራቀመ ይገለጣል። የብልሽቱን ዓይነት ለመለየት ልኬቶችን በአንድነት ማየት ያሻል፦ ግፊቱ ወርዶ ከመነሻው የሚገባው ፍሰት ከጨመረ ቧንቧው ማፍሰሱ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ አንድ መለኪያ ብቻ ከተለወጠ መለኪያው መበላሸቱ ይጠረጠራል።

ይህ ሁሉ የሚረዳው መዝገቡ እውነተኛ ሲሆን ነው። ሠራተኛው ከወሰን ያለፈ ቁጥር በመጻፉ የሚቀጣ ከሆነ ነገ ቁጥሩን አስማምቶ ይጽፋል፤ ሠንጠረዡም ያን ጊዜ ዕውር ይሆናል። ስለዚህ የፋብሪካ ኃላፊዎች መጥፎ ቁጥር ይዞ የመጣውን ሠራተኛ ከመገሠጽ ይልቅ ሊያመሰግኑት፣ ምክንያቱንም አብረውት ሊፈልጉ ይገባል እንላለን።