ኳሱን ለማያይ ሮቦት ውድ አንጎል ምን ይሠራለታል?

የትምህርት ቤት ሮቦቲክስ ክበብ ትንሽ ገንዘብ ሲያገኝ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ከሁሉም የሚበልጠው ቦርድ የቱ ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ በሚወሰንበት ሀገር ደግሞ ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ የተሳሳተ ጥያቄ መጠየቅ ውድ ያስከፍላል።

ትክክለኛው ጥያቄ «ሮቦቱ ምን ማየት አለበት?» ነው።

በሮቦካፕ ጁኒየር የእግር ኳስ ውድድር ለዓመታት ያገለገለው ኳስ ኢንፍራሬድ ብርሃን ይረጫል። ብርሃኑ በሴኮንድ 40 ሺህ ጊዜ ይርገበገባል። ምክንያት አለው። ፀሐይም ኢንፍራሬድ ትረጫለች፣ ግን እንዲህ አትርገበገብም። ስለዚህ የቴሌቪዥን ሪሞት ምልክት እንደሚቀበለው ያለች ትንሽ መቀበያ ኳሱን ከመስኮት ብርሃን ትለየዋለች። ከተበላሸ ቴሌቪዥን የምትነቀለው አብዛኛውን ጊዜ ለ38 ሺህ የተቃኘች ናት፤ የምታይበት ርቀት ቢቀንስም ለልምምድ ትሆናለች።

8 መቀበያዎች ዙሪያውን ሲደረደሩ ሮቦቱ ኳሱ በየት በኩል እንዳለ ያውቃል። ቦርድ የሚመረጠው ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱም በወረቀትና በእርሳስ። ለኳስ 8 ፒን። ለሁለት ሞተር በተለመደው አገጣጠም 6። የሜዳውን ነጭ መስመር ለሚያዩ ሴንሰሮች 3። ለኮምፓስ 2። ድምሩ 19። አርዱዪኖ ኡኖ 20 ፒን አለው፤ 2ቱ ግን ከኮምፒውተር ጋር ለመነጋገር የተያዙ ናቸው። የቀረው 18 ነው። በአንድ ፒን አነሰ! እንግዲህ ወይ አንድ መቀበያ ይቀነሳል፣ ወይ 54 ዲጂታልና 16 አናሎግ ፒን ያለው ሜጋ ይገዛል። ይህን ሳይቆጥሩ ገበያ መውጣት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

«ዝግጁ ኪት ቢገዛስ?» የሚሉ አሉ። ምቾቱ አይካድም፤ ጀማሪ ልጅ በአንድ ቀን ሮቦት ያስኬድበታል። ግን የሌጎ ኢቪ3 የሴንሰር መግቢያ 4 ብቻ ነው። ሌጎ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረውን ማይንድስቶርምስ በ2022 መጨረሻ አቁሞታል። አምራቹ ሲያቆም መለዋወጫ ፍለጋው የክበቡ ዕዳ ይሆናል።

«ካሜራና ራስፐቤሪ ፓይ ዘመናዊ ነው» የሚሉም አሉ። ኳሱ ብርሃን የማይረጭ ተራ ኳስ ከሆነ ልክ ናቸው፤ ያኔ ካሜራ ያስፈልጋል። ኳሱ ራሱ «እዚህ ነኝ» እያለ ሲጮህ ግን ካሜራ መጨመር ባትሪ መጨረስ ነው። ሌላውም ችግር በገንዘብ አይፈታም። ኮምፓስ ከሞተር አጠገብ ከተቀመጠ የሞተሩ ማግኔት ያሳስተዋል፤ ሮቦቱም ጎሉን ስቶ ወደ ራሱ በር ይገሰግሳል። መፍትሔው ሴንሰሩን ከፍ አድርጎ መስቀል ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ዘንግና የገባው ተማሪ ነው።

የነገሩ ዋና ቁም ነገርም ተማሪው ነው። ሀገሪቱ አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ለማፍራት ተነስታለች። መልካም ነው። ነገር ግን በስክሪን ላይ የተማረ ኮድ ከብርሃን፣ ከሽቦና ከሞተር ጋር ካልተገናኘ ትምህርቱ ግማሽ ነው። ፒን ቆጥሮ «አንድ አነሰን» ያለ ተማሪ ምህንድስና ጀምሯል። ሳጥን ከፍቶ የተሰካውን ብቻ የሚሰካ ግን ኪቱ በተቀየረ ቁጥር ከርሞ ጥጃ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ርዕሰ መምህራንና ረጂዎች ገንዘብ ከመልቀቃቸው በፊት አንድ ወረቀት ይጠይቁ፦ ሮቦቱ ምን ያያል? በስንት ፒን? ባትሪውስ ሞተሮቹን ይችላል? ወረቀቱን መሙላት ያልቻለ ክበብ ገና ቦርድ አላስፈለገውም።