ናፍቆትን በጥቅስ ዝም አናሰኘው

ሰሞኑን በዋትስአፕና በቴሌግራም ከሚደርሱኝ የበዓል መልእክቶች መካከል አንዱ ዓይነት እየተደጋገመ መጥቷል። ይዘቱ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ጌታ ኢየሱስም የተወለደው በእንግድነት ነው፤ ማደሪያ እንኳ አላገኘም፤ ስለዚህ አንተም በባዕድ አገር ከቤተሰብ ርቀህ በዓል ብታሳልፍ አይክፋህ፤ እርሱ ካለ ሁሉ አለ። የሚልኩት ወንድሞችና እህቶች በቅን ልብ እንደሚልኩት አውቃለሁ። የሚሉትም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በወረርሽኙ መካከል ብቻውን በአንድ ክፍል ለተቀመጠ ሰው ይህ ቃል ማጽናኛ መሆኑ ቀርቶ ዝም ማሰኛ ሆኖ ነበር ብዬ እሰጋለሁ።

የምጽፈው ከጀርመን፣ ከፍራንክፈርት አካባቢ ነው። እዚህ ላለን ኢትዮጵያውያን ገና ሁለት ጊዜ ይመጣል። አንዱ የአገሩ ገና ነው፣ ዲሴምበር 25። ሌላው የእኛው ታኅሣሥ 29 ነው፣ በእነርሱ ጃንዋሪ 7። ትክክለኛው የትኛው ነው ብለው የሚከራከሩ ወገኖች አሉ፤ እኔ በሁለቱም ቀን ዶሮ ከተሠራ ተቃውሞ የለኝም። በ2020 ግን የመጀመሪያው ገና እንዴት እንዳለፈ አይተናል። ሁለተኛው ደግሞ በር ላይ ነበር።

ያለፈውን ላስታውሳችሁ። መንግሥትና ክፍለ ግዛቶቹ ዲሴምበር 13 ቀን 2020 በወሰኑት መሠረት ከዲሴምበር 16 ጀምሮ አብዛኛው ሱቅ ተዘግቶ ነበር። የገና ገበያዎቹ ቀድመው ተሰርዘው ነበር። አብያተ ክርስቲያናት አልተዘጉም፤ ነገር ግን ማስክ ተደርጎ፣ አንድ ሜትር ተኩል ተራርቆ፣ ጉባኤው ሳይዘምር ነበር። መዝሙር የሌለበት የጴንጤ ገና! ማስኩን እንኳ ለምደነው ነበር፤ አፍን ዘግቶ ስለ ጌታ ልደት መስማት ግን ሌላ ነገር ነው። ከወንበሮቹ መካከል የሚሰማው ማንጎራጎር ምን ያህል ሰው ራሱን መግታት እንዳቃተው ይናገር ነበር።

በዚያው ውሳኔ ውስጥ አንድ ልዩ ፈቃድ ነበር። በጊዜው በተለመደው ደንብ መገናኘት የሚቻለው ከሁለት ቤት ቢበዛ አምስት ሰው ነበር፤ እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች አይቆጠሩም ነበር። ከዲሴምበር 24 እስከ 26 ግን አንድ ቤተሰብ ከራሱ ሌላ አራት ተጨማሪ ሰዎችን መቀበል ይችል ነበር፣ ከተለያየ ቤት ቢመጡም። ዝርዝሩ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያይ ነበር፤ መመዘኛው ግን አንድ ነበር፤ የቅርብ ቤተሰብ መሆን ነበረባቸው። የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት። መንግሥትን አልወቅስም፤ ሕግ የሆነ ቦታ ላይ መስመር ማስመር አለበት። ግን ወላጁ ሐዋሳ፣ እህቱ ነቀምት፣ ወንድሙ አዲስ አበባ የሆነ ሰው ያን ፈቃድ ምን ያድርገው? ለእርሱ የተሰጠው ልዩ ፈቃድ ባዶ ወረቀት ነበር።

ዲሴምበር 24 በጀርመን እንዴት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ገደማ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ባቡሩ ባዶውን ይሄዳል፣ በየመስኮቱ መብራት ይበራል። በሌላው ዓመት በዚያ ሰዓት የእኛ ሰው ተጠራርቶ አንድ ቤት ይከማች ነበር። አሥራ አምስት ሰው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ጫማ በር ላይ ተቆልሎ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ የታች ቤቱ ጎረቤት እስኪያንኳኳ ድረስ እየተዘመረ።

አንዲት የማውቃት እህት በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። በሽታውን ወደ አዛውንቶቹ እንዳታስገባ ፈርታ ከጥቅምት ጀምሮ ጉባኤ አልመጣችም፤ ሰው ቤትም አልገባችም። የዚያን ዕለት ከሥራ ወጥታ ለእናቷ ደወለች። እናት መጀመሪያ የጠየቁት «ዶሮ ሠራሽ ወይ?» ብለው ነው። «አዎ እማዬ፣ ሠርቻለሁ» አለቻቸው። አልሠራችም። ዶሮ እኮ 12 ብልት ነው። ሽንኩርቱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ለአንድ ሰው ዶሮ አይሠራም፤ ወጡ ራሱ ሰው ይፈልጋል።

ይህች እህት ቢያንስ የእናቷን ድምፅ ሰምታለች። በመካከላችን ያንንም ያላገኙ ነበሩ። በትግራይ ጦርነቱ ከተጀመረ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ መስመሩ ተቋርጦባቸው፣ እናታቸው በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቁ ሳምንታት የቆጠሩ፣ ስልክ እየደወሉ ዝምታን የሚሰሙ ወንድሞችና እህቶች ነበሩን። አብረውን አንድ ዙም ላይ ገብተው ካሜራቸውን አጥፍተው ይቀመጡ ነበር። ለእነርሱም «እርሱ ካለ ሁሉ አለ» የሚል ሥዕል ልንልክላቸው ነበር?

ጳውሎስ እንዲህ አላደረገም። ሁለተኛውን የጢሞቴዎስ መልእክት አራተኛውን ምዕራፍ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። የመሞቻው ጊዜ እንደ ቀረበ የሚያውቅ እስረኛ ነው የሚጽፈው። በቁጥር 17 ላይ ሁሉ ሲተዉት ጌታ በአጠገቡ እንደ ቆመና እንዳበረታው ይመሰክራል። በዚያው ምዕራፍ ግን ጢሞቴዎስ ቶሎ እንዲመጣ ይለምነዋል (ቁጥር 9)፣ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስ እንዲያመጣለት ያዝዘዋል (ቁጥር 13)፣ ክረምት ሳይገባ እንዲደርስለት ይማጸነዋል (ቁጥር 21)። ጌታ በአጠገቡ የቆመለት ሰው «እንግዲህ ጢሞቴዎስ አያስፈልገኝም» አላለም። ልብስም ፈለገ፣ ሰውም ፈለገ። በ1ኛ ተሰሎንቄ 2፥17 ከምእመናኑ መለየቱን ሲገልጽ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል ወላጅን ከማጣት ጋር የተያያዘ ነው። ዮሐንስም በሁለተኛው መልእክቱ ቁጥር 12 ላይ ብዙ የሚጽፈው ነገር እያለው በወረቀትና በቀለም መጨረስ አልፈለገም፤ ፊት ለፊት ተያይቶ መነጋገርን ተስፋ አደረገ፤ ደስታቸው የሚሞላው ያኔ ነውና። የዮሐንስ ወረቀትና ቀለም ለእኛ ስልክና ዙም ነው።

ደግሞስ የምናከብረው በዓል ራሱ ምንድን ነው? እግዚአብሔር ከጥንት ጀምሮ በነቢያት ብዙ ተናግሯል (ዕብራውያን 1፥1)። ቃል ልኳል፣ ሕልም ልኳል፣ መልአክ ልኳል። በመጨረሻ ራሱ መጣ፤ ቃል ሥጋ ሆነ (ዮሐንስ 1፥14)፤ የሚታቀፍ፣ የሚጠባ፣ የሚያለቅስ ሕፃን ሆነ። መልእክት ቢበቃ ኖሮ ገና ባልኖረ ነበር። ስለዚህ በገና ቀን ሰው በአካል የናፈቀ ክርስቲያን የበዓሉን ትርጉም የሳተ አይመስለኝም፤ ይልቁን ከብዙዎቻችን ይልቅ የገባው ይመስለኛል።

በዚህች አገር ስኖር ደጋግሜ የማስበው አንድ የበዓል ደብዳቤ አለ። ዲትሪኽ ቦንሆፈር የተባለው የወንጌል አገልጋይ በኤፕሪል 1943 በናዚዎች ተይዞ በርሊን ቴገል እስር ቤት ገብቶ ነበር። በዚያው ዓመት በገና ዋዜማ ለወዳጁና ለእህቱ ልጅ ሲጽፍላቸው የሰበከላቸው የተለመደውን ማጽናኛ አልነበረም። ሐሳቡ በእኔ አነጋገር ይህ ነው፦ የምንወደው ሰው ሲለየን የሚቀረውን ክፍተት የሚተካ ነገር የለም፤ ለመተካትም መሞከር የለብንም፤ እግዚአብሔር ክፍተቱን ይሞላዋል ማለትም ስሕተት ነው፤ እርሱ ክፍት አድርጎ ያቆየዋል፣ በሕመምም ቢሆን አንድነታችን እንዲጠበቅ። ከእስር ቤት ሆኖ ይህን የጻፈ ሰው እምነት አጥቷል የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

«ታዲያ አካል እንዲህ ካስፈለገ ደንቡን ጥሰን እንሰብሰብ፤ ፍርሃት ከእግዚአብሔር አይደለም» የሚሉ አሉ። በእኛም ውስጥ አሉ። ከእነርሱ ጋር አልስማማም። በዚህችው በፍራንክፈርት በሜይ 2020 ከተደረገ አንድ የአምልኮ ፕሮግራም ጋር በተያያዘ ከ100 በላይ ሰዎች በኮሮና መያዛቸውን ከተማው ሁሉ ያውቃል። እነርሱም ለማምለክ ነው የመጡት። አካል ትልቅ ነገር ነው ካልን የጎረቤታችን ሳንባም አካል ነው። ከእኛ መካከል ስንቶቹ በመጦሪያና በሆስፒታል፣ በጽዳትና በመጋዘን እንደሚሠሩ አስቡ። የአንድ ምሽት ዝማሬያችን ሰኞ ጠዋት የት እንደሚደርስ አናውቅም። ክትባቱ ዲሴምበር 27 ቀን 2020 መሰጠት ጀምሮ ነበር፣ ያውም ከመጦሪያዎቹ፤ ያን ያህል ከታገሥን ጥቂት ወራት መታገሥ አያቅተንም ነበር።

ስለ ዙምም ክፉ አልናገርም። በዐረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ፣ ዐርብ እንኳ ዕረፍት የማያገኙ እህቶች በዚያ ዓመት ስልካቸውን ትራስ ሥር አድርገው ከእኛ ጋር አምልከዋል። ዮሐንስም ደብዳቤውን አልቀደደውም፤ ጽፎ ላከው። እኔ የምለው እንደ ደብዳቤ እናመስግንበት፣ ግን ወዳጅ መጣ አንበል ነው። አንዳንድ ጉባኤ ከአሁኑ «እንዲያውም ይሻለናል፣ የአዳራሽ ኪራይ ቀረልን» ማለት መጀመሩን ስሰማ ደንግጫለሁ።

እንግዲህ በቀረው ጊዜ ምን ይደረግ? የዚያን ጊዜውን ደንብ እንደገና እንየው። ከሁለት ቤት አምስት ሰው፣ ልጆች ሳይቆጠሩ። ባልና ሚስት ከሦስት ትንንሽ ልጆች ጋር ያሉበት ቤት በቁጥር ሁለት ነበር። አንድ ብቸኛ ሰው ሲጨመር ሦስት። ይህ ሕጋዊ ነበር፤ ቦታ ነበር። ቦታው ግን ለአንድ ሌላ ቤት ብቻ ስለነበረ ማንን እንደምንጠራ ማሰብ ያስፈልግ ነበር። እንደ ልማዳችን ከሆነ የምንጠራው አብሮ አደጋችንን፣ ያገራችንን ልጅ፣ ባለፈው የጠራንን ሰው ነው። ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለደቀ መዝሙሩ፣ ደቀ መዝሙሩን ለእናቱ ሲሰጥ (ዮሐንስ 19፥26-27) አዲስ ቤተሰብ መሠረተ፤ ደቀ መዝሙሩም ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት። መንግሥት የቅርብ ቤተሰብ ማለት ማን እንደሆነ ዘርዝሯል። የቤተ ክርስቲያን ዝርዝር ከዚያ ሰፋ ማለት አለበት።

ስለዚህ መጋቢዎችና ሽማግሌዎች ሆይ፣ ለታኅሣሥ 29 የሚሆን የዙም ፕሮግራም ማውጣት ብቻ አይበቃም። የአባላቱን ስም ይዛችሁ ተቀመጡ። ብቻውን የሚኖር ማን ነው? ስልኩ የማይሰራለት ማን ነው? ዘመዱ የሞተበትና ሳይቀብር የቀረ ማን ነው? ከዚያ ስም ከስም አገናኙ፤ ይህ ቤት ይህችን እህት ይጥራ፣ ያ ቤት ያንን ወንድም። «የቻለ ይጥራ» ተብሎ በቡድን መልእክት የሚለጠፍ ነገር ማንንም አያስጠራም፤ ብቸኛው ሰው ደግሞ ራሱን አይጋብዝም። ታኅሣሥ 29 በ2013 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር፣ እዚህ የሥራ ቀን ነበር፤ ምሽቱን አስቡት።

በስደተኞች መኖሪያ ያሉትን ለብቻ ላንሳ። ወረቀታቸው ያላለቀላቸው ወገኖች ኮሮና ኖረም አልኖረም ወደ አገር ቤት ሄደው በዓል ማክበር አይችሉም። ሌሎቻችን በ2020 «ትኬት ቆርጬ፣ ምርመራ አድርጌ፣ ስመለስ ደግሞ 10 ቀን ኳራንቲን ገብቼ እንዴት ይሆናል» እያልን የተጨነቅንበትን ነገር እነርሱ ለዓመታት በዝምታ ኖረውበታል። ሃይሙ ውስጥ ኢንተርኔቱ ስለሚቆራረጥ የዙም ፕሮግራማችን ለእነርሱ የቆመ ምስል ነው። በወረርሽኙ ጊዜ አንዳንዱ ሃይም እንግዳ አያስገባም ነበር፤ ሰው ከተያዘ ደግሞ ሕንፃው በሙሉ ኳራንቲን ይገባ ነበር። እዚያ ወንድም ያላችሁ ዶሮውን ሠርታችሁ ውሰዱለት። ጥበቃው ካላስገባችሁ ደውላችሁ ወደ መስኮት ጥሩት፤ እናንተ ከመንገድ እርሱ ከላይ ሆናችሁ ተያዩ፣ በስልኩም አብራችሁ ጸልዩ። ጃንዋሪ ብርዱ ኃይለኛ ነው፤ ድስቱን በጋዜጣና በወፍራም ፎጣ ጠቅልሉት፣ እንጀራውን ለብቻ አድርጉት።